ሰባት ሚሊሜትር

ሰኔ 3 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ሁለቱ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ዛሬ ገቡ። ካርቶኑን ስንከፍት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሸዋገነት አጨበጨቡ። እሳቸው ሲያጨበጭቡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ዕቃውን ያመጣው ሹፌር ቆዳውንና መርፌውን አይቶ «ጫማ ቤት ኮምፒውተር ምን ይሠራል?» አለኝ። እዚህ ዘነበወርቅ ጀርባ አምስት ዓመት ስሠራ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ! የሥጋ ደዌ ታመው የዳኑ ሰዎች እግራቸው ብዙ ጊዜ አይሰማቸውም፤ የሱቅ ጫማ ቢቆርጣቸው እንኳ አያውቁም፤ ስለዚህ እግራቸውን መስታወት ላይ አስቁመን በስካነር እናነሳለን፣ በልኩ እናትማለን፣ ጫማ ሰፊያችን ጋሽ ወንድሙ በዚያ ልክ ይሠሩላቸዋል አልኩት። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ አየ።

አሁን ችግሩ። የስካነሩ ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ሰቨን ብቻ ነው። የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፤ አዲስ አያወጣም። አዲሶቹ ማሽኖች የመጡት በኢለቨን ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ አዲሱን ማሽን ወደ ኋላ፣ ወደ ሰቨን፣ መመለስ የኔ ሥራ ነው።

እንግዶች የፊታችን ሐሙስ ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ ይመጣሉ። ኮምፒውተሮቹን የሰጡን ናቸው። «ሲሠራ ማየት ይፈልጋሉ» አሉኝ ወይዘሮ ሸዋገነት። «ይሠራል» አልኳቸው። ሳልሞክረው።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ፍላሽ አዘጋጀሁ። መጫን ጀመረ። ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ ማውሱ ሞተ። ኪቦርዱም። የአዲሱን ማሽን የዩኤስቢ ቀዳዳዎች አሮጌው ሲስተም አያውቃቸውም፤ እሱ ሲሠራ እነሱ አልነበሩም።

ጋሽ ወንድሙ «ምን ሆነ?» ሲሉኝ «እጅም እግርም የለው» አልኩ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ጣቶቹን ነጠላው ውስጥ ከተተ። እዚህ ቤት እንዲህ እንደማይባል ጠፍቶኝ አይደለም።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ሲስተሙን ከማሽኑ የሚያስተዋውቁትን ድራይቨሮች ፍላሹ ውስጥ ጨመርኩ። ማውሱ ነቃ። አሁን ደግሞ ዲስኩን አያየውም። የዙህር ሶላት አመለጠኝ። ምሳም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ተጫነ! በሰባተኛው ሙከራ።

ቅዳሜና እሁድ ላፕቶፔን ታቅፌ ሳነብ ነው የዋልኩት። ባሌ ኑሕ ከታክሲው ገብቶ «አንቺን ለማናገር ሰው ኤረር መሆን አለበት» አለኝ። ሳቅሁለት፤ ዓይኔን ግን ከስክሪኑ አላነሳሁም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ለዚህ ማሽን ስክሪን ሰቨን ላይ የሚሠራ ድራይቨር የለም፤ ማንም አልሠራለትም። ስለዚህ ሁሉን ነገር ወደ ጎን ትንሽ ይለጥጠዋል። ፊደሉ ወፈር ብሎ ይታያል። ፊደል ቢወፍር ማንን ይጎዳል?

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ስካነሩ ተናገረ። የራሴን እግር አቆምኩበት። ምስሉ መጣ፤ ግን ሰፊ ነው፣ የኔ አይመስልም።

ደንቡ እንዲህ ነው። ወርዱ ልክ መቶ ሚሊሜትር የሆነ ብረት አለን። መስታወቱ ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ይታተማል፣ ወረቀቱ በማስመሪያ ይለካል፣ ልዩነት ካለ ፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥሩ ይስተካከላል። ፕሪንተሩን ግን ገና አላገናኘሁትም። ወይዘሮ ሸዋገነት በር ላይ ቆመው «ሰልዋ፣ ነገ ወዲያ እኮ ነው» አሉ። ቁጥሩን ከስክሪኑ እያየሁ ወደ ታች አወረድኩት፤ እግሬ እግሬን እስኪመስል ድረስ። በብረቱ ፕሪንተሩ ሲገናኝ አደርገዋለሁ።

ማታ ልወጣ ስል ጋሽ ወንድሙ ሽርጣቸውን እየፈቱ «በማስመሪያ ለካሽው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

በዓይን መለካትም መለካት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እግር ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

አማረልን። እንግዶቹ ስድስት ነበሩ። መስታወቱ ላይ እንዲቆሙ የተመረጡት አባባ ቀነኒሳ ናቸው። አጠና ተራ የአንድ እንጨት መሸጫ ዘበኛ ናቸው፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጨዋታ ያውቃሉ። ከእንግዶቹ አንዷ «መስታወቱ አይቀዘቅዝዎትም?» ብላ በአስተርጓሚ አስጠየቀቻቸው።

«ይቀዘቅዛል ይላሉ ሰዎች» አሉ አባባ። «እኔ እሰማለሁ እንጂ አላውቅም።»

ሁሉም ሳቁ። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ወይዘሮ ሸዋገነት «ሰልዋ ናት የሠራችው» ብለው ትከሻዬን ያዙ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ፕሪንተሩ ከሰዓት ተገናኘ። ሰው ስለበዛ ብረቱን አላወጣሁትም።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

የአባባ ቀነኒሳ ጫማ ደረሰ። ጥቁር፣ ባለ ማሰሪያ። ጋሽ ወንድሙ ለቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ ፈቃድ ወስደው ስለወጡ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው እጃቸውን ጫማው ውስጥ ከትተው የሚፈትሹት። ግራው ትንሽ እምቢ አለ። ሁለታችንም ገፋንና ገባ። አዲስ ቆዳ ስለሆነ ነው፣ ይለቃል አልኳቸው።

በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው «ልጄ ገነት ስታየው እንደ ሙሽራ ልዳርህ ትለኛለች» አሉ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ጋሽ ወንድሙ ሶል እየቆረጡ ለራሳቸው «የዘንድሮ ሰው እግር ቀጠነ እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። ባለፉት ሳምንታት ሁለት ሦስት ጫማ ጠቦባቸው በእንጨቱ ፎርማ ላይ ወጥረው አስፍተዋል። «ወረቀቱ ነው ወይስ ዓይኔ?» አሉኝ። «ክረምት ነው፣ ቆዳው ይሆናል» አልኩ።

ቆዳ በክረምት አይጠብም። ይህን ከእሳቸው ነው የተማርኩት።

ሐምሌ 8

ዝናብ። መብራት የለም። ብረቱን ነገ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

መብራት ነበረ። ብረቱን አላየሁትም። ሁለት የተበላሸ ላፕቶፕ መጥቶብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ላፕቶፖቹ ሊጠብቁ ይችሉ ነበር።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ገነት መጣች። የአባባ ቀነኒሳ ልጅ ናት። በኔ ዕድሜ ትሆናለች፣ ኮልፌ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ እጇ እርድ ነክቶት ቢጫ ነበር። ግራ ጫማውን በፌስታል ይዛ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን የሠራው ማነው?»

ጋሽ ወንድሙ ተነሱ። «እኔ ነኝ ልጄ። ምን ሆነ?»

«አባቴ ሆስፒታል ተኝቷል። ጫማው የእግሩን ጎን በልቶታል። እሱ ምን ያውቃል፣ አይሰማው! በየማታው እግርህን ልየው ስለው ደህና ነኝ እያለ ካልሲውን ሳያወልቅ ይተኛ ነበር። ሽታው ነው የነገረን።»

ጋሽ ወንድሙ እጃቸውን ጫማው ውስጥ ከተቱ። ቀስ ብለው አዞሩት፤ ጎኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ውስጡ ያለው ገበር ጠቁሮ ደርቋል።

«ጠባብ ነው» አሉ።

ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻል ነበር።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ማንም ሳይገባ ደረስኩ። ብረቱን ከመሳቢያው አወጣሁ፣ መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩ፣ አተምኩ፣ ማስመሪያውን ዘረጋሁ።

ዘጠና ሦስት።

እንደገና አተምኩ። ዘጠና ሦስት። ሌላ ማስመሪያ ፈለግሁ፤ የማስመሪያው ስህተት እንዲሆን የፈለግሁትን ያህል ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። ዘጠና ሦስት።

ነገሩ ገብቶኛል። ስካነሩ ከመጀመሪያውም ልክ ነበር። የለጠጠው ስክሪኑ ነው። እኔ ደግሞ የስክሪኑን ውሸት ላስተካክል ብዬ የእግሩን እውነት ቀነስኩ። ስክሪኑ ላይ ልክ መሰለ፣ ወረቀቱ ላይ ጠበበ።

ቁጥሩን መለስኩ። አተምኩ። መቶ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ለማንም አልተናገርኩም። ከዛሬ ጀምሮ ልክ ነው፤ ከዛሬ በኋላ ማንም አይጎዳም። ዘጠኝ ጫማ ግን ወጥቷል። ዘጠኙን ስም ከመዝገቡ ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ለምን እንደገለበጥኩት እንጃ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ወይዘሮ ሸዋገነት በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። «ክረምት ነው እኮ፣ እርጥበት አለ። እሳቸው ደግሞ ከዚህ በፊትም ቆስለው ያውቃሉ።»

እውነት ነው፣ ቆስለው ያውቃሉ። ፋይላቸው ላይ አለ፣ በ2011። ፋይሉን ማን አውጪ አለኝ? ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ቤት ስገባ ኑሕ «ዛሬ ደግሞ ምን አስቸገረሽ?» አለ። «ዊንዶውስ» አልኩት።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ተናገርኩ። እንዳለ ልጻፈው።

ጋሽ ወንድሙ ጠዋት ከመጀመራቸው በፊት ይጸልያሉ፤ ስፌት ማሽኑ አጠገብ ቆመው፣ ድምፅ ሳያወጡ። እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው። ሲቀመጡ ሁለቱን ወረቀት ፊታቸው አኖርኩ፤ የዘጠና ሦስቱንና የመቶውን።

«ጋሼ፣ ያኔ በማስመሪያ ለካሽው ወይ ብለውኝ ነበር።»

«ብዬሻለሁ።»

«አልለካሁም። በዓይኔ ነው ያስተካከልኩት። ከሰኔ አሥራ ሁለት ጀምሮ የታተመው ሁሉ ጠባብ ነው።»

ወረቀቶቹን አንዱን በአንዱ ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ አነሱ። መስመሮቹ በብርሃን ተለያይተው ታዩ። ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «ሦስት ጫማ አስፍቻለሁ» አሉ። «በሦስተኛው መጠየቅ ነበረብኝ። ይህን ያህል ዘመን ቆዳ የያዘ እጅ ይዤ ወረቀት አመንኩ።»

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

«አንቺን ለማጽናናት አይደለም የምናገረው» አሉ። «ያንቺ ያንቺ ነው። የኔንም ስነግርሽ ነው።»

አብረን ወደ ወይዘሮ ሸዋገነት ገባን። መጀመሪያ አላመኑም፣ ከዚያ ተቆጡ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ተቀመጡ። «እንግዶቹ ባይመጡ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ለአባባ ሐኪም ጫማው ጠባብ እንደነበር ደብዳቤ ጻፉ። አንብቤዋለሁ፤ «የኛ የልኬት ስህተት» ይላል። «የኛ» የሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ።

«ዘጠኙን ሰብስቢ» አሉኝ። «ዛሬ ስልክ ደውይ፣ ጫማውን እንዳያደርጉት። ከዚያ በእግርሽ ሄደሽ አምጪ።»

ሐምሌ 20፣ እሁድ

ሁለቱን ዓርብ፣ አንዱን ቅዳሜ አምጥቻለሁ። የአባባ እኛው ዘንድ አለ። ለቀሩት አምስቱ ኑሕ ዛሬ ታክሲውን ከመስመር አውጥቶ ወሰደኝ። መንገድ ላይ ነገርኩት። እስክጨርስ ድረስ ፍሬን ሲይዝ ብቻ ወደ እኔ ያይ ነበር። «ሰው ኤረር መሆን አለበት ያልኩሽ ሰሞን ነው?» አለ። «አዎ» አልኩ። ሬድዮውን ዘጋው።

አንዱ ሰውዬ የእግራቸው ጎን ቀልቶ አገኘን፤ ኑሕ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ሌሎቹ ደህና ናቸው፤ ፈተሽኳቸው፣ ካልሲ አስወልቄ፣ በባትሪ።

የመጨረሻዋ እትዬ ወርቄ ናቸው። ቆሼ አጠገብ ይኖራሉ። ቀይ ቡኒ ጫማቸውን አልሰጥም አሉ። በስልክ አያድርጉት ብዬ ነበር፤ እግራቸው ላይ ነው ያገኘሁት።

«ለእሁድ ጉባኤ አድርጌው ሰው ሁሉ አይቶልኛል። እድሜ ልኬን ከመኪና ጎማ የተሠራ ነው የማደርገው። አሁን አማረብሽ ሲሉኝ ልትወስጂብኝ?»

«ይጎዳዎታል እትዬ። የኔ ጥፋት ነው፤ ልኩን አሳስቼዋለሁ።»

«አልቆሰልኩም። ይኸው።»

«እስካሁን አልቆሰሉም።»

«በልኩ ሌላ ትሰጪኛለሽ?»

«ጋሽ ወንድሙ ይሠሩልዎታል። በቀይ ቡኒ።»

«መቼ?»

መቼ እንደሆነ አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኳቸው። ከዚህ በኋላ ያልለካሁትን አልልም ብዬ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ራሳቸው አወለቁት፣ ጭቃውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ሰጡኝ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉብኝ።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

የአባባን ሁለት ጣት ቆረጡ። ከግራ እግር፣ ትንሿንና ተከታይዋን። ገነት ለጋሽ ወንድሙ ደውላ ነገረቻቸው። ለእኔ አልደወለችም።

ዛሬ ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ሰቨን ጫንኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሞከርኩት፤ አሁን አውቀዋለሁ። በብረቱ አራት ጊዜ ለካሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ ነበር፤ ብርቱካን ይዞ መግባት አሳፈረኝ፣ ባዶ እጅም አሳፈረኝ።

ገነት ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። ጋሽ ወንድሙ ነግረዋት ኖሯል። «አንቺ ነሽ?» አለች። መንገዱን ግን ለቀቀችልኝ።

አባባ ቀነኒሳ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ብርድ ልብሱ በግራ በኩል እግራቸውን እንዳይነካ በሽቦ ቀፎ ከፍ ተደርጓል። ከስተዋል። «የኮምፒውተሯ ልጅ» ብለው ተቀበሉኝ፣ ፈገግ ብለው፤ ያልሰሙ መሰለኝ።

«አባባ፣ ጫማው የጠበበው በኔ ነው።»

«ነግራኛለች።»

«በማስመሪያ መለካት ነበረብኝ። ለክቻለሁ ብዬ ዋሸሁ።»

አጠገባቸው ያለው በሽተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረልን።

«ሲጠብ አይቼዋለሁ እኮ» አሉ በመጨረሻ። «ዓይን አለኝ። ገነት በማንኪያ ጀርባ ነበር የምታስገባልኝ። ይህ ነገር ልክ አይደለም፣ መልሰው አለችኝ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ኮምፒውተር ነው የለካው፣ ልጅቷም ይለቃል ብላኛለች አልኳት። ያን ሁሉ ሰው ፊት ፎቶ ተነስቼበት ጠበበኝ ብዬ እንዴት ልመለስ? አንቺንም ማሳፈር መሰለኝ።»

ይህን ሲሉ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አይደሉም። አፈርኩ። ለማልቀስ መብቱ የኔ አልነበረም።

«ስንት ነው የሳተው?»

«ሰባት ሚሊሜትር።»

«እሱ ምን ያህል ነው? በእጅሽ አሳዪኝ።»

አውራ ጣቴንና አመልካች ጣቴን አቀራረብኩ። እጄን ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉትና ክፍተቱን አዩት።

«ይቺ?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ትልቅ ነገር መስሎኝ» አሉ። እጄን ለቀቁት። ከዚያ ደክሞኛል፣ ልተኛ አሉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ኮሪደሩ ላይ ገነት ብርቱካኑን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ይዤው እየወጣሁ ነበር ለካ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

የእትዬ ወርቄ አዲስ ጫማ አለቀ። ጋሽ ወንድሙ ራሳቸው አደረሱላቸው። «ስላንቺ ጠየቁኝ» አሉ። «ምን ብለው?» ስላቸው «አሁን ማነው የለካው ብለው» አሉ።

ወይዘሮ ሸዋገነት ለእንግዶቹ የሚላከውን ሪፖርት እንዳዘጋጅ ሰጡኝ። የአባባ ፎቶ አለበት፣ መስታወቱ ላይ ቆመው እየሳቁ። ፎቶውን ከሪፖርቱ አላወጣሁትም። ከሥሩ የሆነውን ጻፍኩ፣ በአራት መስመር። ወይዘሮ ሸዋገነት አነበቡት፣ ብዕር አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። እንዳለ ሄደ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

አባባ ቀነኒሳ በክራንች መጡ። ቁስሉ ገጥሟል፤ ሐኪሙ አዲስ ጫማ ይሠራላቸው ብሎ ጽፏል። ገነት እስከ በሩ አመጣቻቸውና ውጭ ቆመች። በመስኮቱ አያታለሁ፣ ጀርባዋን ሰጥታናለች።

እግሩ ቅርጹን ስለቀየረ ስካነሩ ብቻውን አይበቃም፤ በእጅም መለካት አለበት። ጋሽ ወንድሙ ወረቀትና እርሳስ አመጡ። እሳቸው ይለካሉ ብዬ ስጠብቅ ለእኔ ዘረጉልኝ።

አባባን አየኋቸው። «አባባ፣ ጋሽ ወንድሙ ቢለኩ ይሻላል።»

«እሳቸው ወገባቸውን ያማቸዋል» አሉ አባባ። «አንቺ ተንበርከኪ።»

ተንበረከክሁ። ወረቀቱን ከእግራቸው ሥር አነጠፍኩ። ክራንቹን ለጋሽ ወንድሙ ሰጥተው ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ትከሻዬን ያዙ፤ ከብደውኛል። እርሳሱን ቀጥ አድርጌ ከተረከዙ ጀመርኩ፣ በጎን በኩል አለፍኩ፣ ጣቶቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ቀስ አልኩ፣ በውስጥ በኩል ዞሬ ተረከዙ ጋ ገጠምኩ።

«አልጀመርሽም እንዴ?» አሉ ከላይ።

«ጨርሻለሁ አባባ። እንደገና ልለካው?»

ትከሻዬ ላይ ያለው እጃቸው ተጫነኝ።

«ለኪው» አሉ።